ሾፌር ጠራን፣ ወያላው ከነደላላው መጣ!

አንዲት ገጽ ለማተም ስንት ነገር እንሸከም?

በዚህ ዓምድ ስለ ፍቅር፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ኩርፊያና ስለ እርቅ ብዙ ተጨዋውተናል። ዛሬ ግን የማወጋችሁ ስለ ፕሪንተር ነው። «ደግሞ ስለ ፕሪንተር ምን ይወራል?» ብላችሁ ገጹን ልትገልጡ እጃችሁን የሰነዘራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ትንሽ ታገሡኝ። ፕሪንተር ሰውን ከሰው ያጣላል። እንጀራም ያሳጣል። እንዴት? ብትሉ ይኸው ስሙ።

ሐሙስ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል

ነገሩ የሆነው ስድስት ኪሎ አካባቢ ባለች አንዲት ጠባብ የኮምፒዩተር ጽሑፍና የፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ነው። ባለቤቱ የ27 ዓመት ወጣት ነው። «ስሜ እንዳይጠቀስ» ስላለን «ልጁ» እያልን እንቀጥል። ቤቷ ሁለት ኮምፒዩተሮች፣ አንድ የፎቶ ኮፒ ማሽን፣ አንድ ፕሪንተርና ወረፋ ጠባቂ የሚቀመጥባት አንዲት አግዳሚ ወንበር አሏት። ደንበኞቹ በአብዛኛው ተማሪዎችና አዲስ ተመራቂዎች ናቸው። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያስጠርዘው፣ ሲቪ የሚያስተካክለው፣ ማመልከቻ የሚያስጽፈው ሁሉ እዚያ ነው።

ከዚያ ሐሙስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ የልጁ አሮጌ ፕሪንተር ሞተ። ተበድሮ አዲስ ገዛ። «ከካርቶኑ የወጣው ወረቀት ሙሉ ሶፍትዌሩን ጫን ይላል፤ ጫንኩ» ይላል ልጁ። «ከ300 ሜጋ ባይት በላይ ነበር። በስልኬ ዳታ ነው ያወረድኩት። ሁለት ጊዜ ተቋርጦብኝ እንደ አዲስ ጀመርኩ። ሲያልቅ ኔክስት፣ ኔክስት፣ ኔክስት እያልኩ አለፍኩት። ማን ቁጭ ብሎ ያነባል?» እውነቱን ነው፤ ማን ያነባል? የቸኮለ ግን አፍሶ ይለቅማል።

ወደ ሐሙሱ እንመለስ። አንዲት አዲስ ተመራቂ ፍላሽዋን በእጇ ጨብጣ ገባች። ሜክሲኮ አካባቢ ለሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት የሥራ ማመልከቻና ሲቪ በአካል ማስገባት አለባት። የመጨረሻው ቀን የዚያኑ ዕለት ነው፤ መዝጊያው 11 ሰዓት። የምታስወጣው አራት ገጽ ብቻ ነው።

መብራት ጠፍቶ ቆይቶ ገና መምጣቱ ነበር። ኮምፒዩተሩ ተነሣ፤ ነገር ግን እየተንፏቀቀ። ልጁ ፋይሉን ከፍቶ «ፕሪንት» አለ። ወረቀት አልወጣም። የወጣው በስክሪኑ ላይ ነው፦ «አዲስ ማሻሻያ ተገኝቷል፤ ከመቀጠልዎ በፊት ይጫኑ» የሚል ማስታወቂያ። ልጁ ዘጋው፤ ተመልሶ መጣ። ይሁን ብሎ ማሻሻያውን ፈቀደለት። ኔትወርኩ ደካማ ነው፤ መቁጠሪያው 3 በመቶ ላይ ቆመ። ከዚያ ሌላ መስኮት ብቅ አለ፦ «እባክዎ አካውንትዎን ይክፈቱ»። ሌላም ተከተለ፦ «የቀለምዎ መጠን ቀንሷል፤ አሁኑኑ ይዘዙ»።

«እህቴ፣ አሁን ይወጣል» አላት። 10 ደቂቃ ሄደ። «አሁን ይወጣል፣ አንድ ደቂቃ ብቻ» አላት። 20 ደቂቃ ሄደ። እሷ ሰዓቷን ታያለች፤ እሱ ማውሱን ይቀጠቅጣል። ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ አበራው። ይባስ ብሎ ማሻሻያው ከዜሮ ጀመረ። 10 ሰዓት ከሩብ ሲሆን ፍላሿን ከኮምፒዩተሩ ነቅላ ተነሣች። በሩ ላይ ዘወር ብላ ያለችውን ልጁ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

«ወንድሜ፣ ካልቻልክ ገና ስገባ አልችልም አትለኝም ነበር?»

ሁለተኛው ቤት ወረፋ ነበረው። ሦስተኛው ቤት አወጡላት። ታክሲ ስትጠብቅ፣ መንገድ ሲዘጋጋ፣ ሜክሲኮ የደረሰችው 11 ሰዓት ከ10 ነበር። ጥበቃው ምን እንዳላት መገመት አያቅታችሁም። ይህን ሁሉ ልጁ የሰማው ኋላ፣ አብራት ከተማረች ልጅ ነው። «ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም» ይላል። «እኔ እኮ ዋሽቻት አይደለም። በእርግጥ ይወጣል ብዬ ነው ያመንኩት። ፕሪንተሩ አልተበላሸ! ቀለም አለው፣ ወረቀት አለው፣ ኬብሉ ተሰክቷል። ታዲያ ምን ሆኖ ነው?»

ምን ሆኖ እንደሆነ የነገሩት አንድ ሽማግሌ ጠጋኝ ናቸው።

«አንተ የፈለግኸው ሾፌር ነው»

እኒህ ሰው በወጣትነታቸው የጽሕፈት መኪና ይጠግኑ ነበር። ጊዜው ሲለወጥ ወደ ኮምፒዩተር ዞሩ። ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ» ይላቸዋል። ቅዳሜ ጠዋት መጥተው ወንበር ስበው ተቀመጡና ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ዝም ብለው ተመለከቱ። ከዚያ በጣታቸው እየጠቆሙ ቆጠሩ። ከዚያ ፕሪንተር ጋር ብቻ የመጡ፣ ኮምፒዩተሩ በተነሣ ቁጥር አብረው የሚነሡ ስድስት ነገሮች።

«ልጄ» አሉት፣ «ድራይቨር ማለት ምን ማለት ነው?»

«ሾፌር» አላቸው።

«ጎሽ። አንተ የፈለግኸው ሾፌር ነው። እነሱ ግን ወያላውን፣ ደላላውን፣ ተራ አስከባሪውን፣ ማስታወቂያ የሚለጥፈውን ሁሉ አሳፍረው ላኩልህ። ታክሲህ ሞልቶ ተሳፋሪዋ ውጭ ቀረች።»

ውድ አንባብያን፣ የነገሩ ፍሬ ይህቺው ናት። እስቲ ትንሽ ዘርዘር እናድርጋት።

ኮምፒዩተራችሁ የሚያውቀው ፊደል፣ መስመርና ሥዕል ነው። ፕሪንተሩ የሚያውቀው ደግሞ የት ቦታ ላይ ጥቁር ነጥብ እንደሚያሳርፍ ነው። በመካከል የሚያስተረጉም ያስፈልጋል። ያ አስተርጓሚ ነው ድራይቨር የሚባለው። የጻፋችሁትን ተቀብሎ ፕሪንተሩ በሚገባው ቋንቋ ይነግረዋል። ከእነዚህ ቋንቋዎች ዋና ዋናዎቹ የቆዩ ናቸው። አዶቤ የተባለው ኩባንያ ፖስትስክሪፕትን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ኤችፒም የመጀመሪያውን ሌዘርጄት ፕሪንተሩን ለገበያ ያቀረበው በዚያው ዓመት ሲሆን ፒሲኤል የሚባለውን ቋንቋ ያስለመደውም በዚሁ የፕሪንተር ዘር ነው። 40 ዓመት ያለፈው ሥራ ነው እንግዲህ።

ያኔ ሾፌሩ ስንት ይመዝን ነበር? ትልልቆቻችሁን ጠይቁ። የፕሪንተር ድራይቨር በፍሎፒ ዲስክ ነበር የሚመጣው። አንዲት ፍሎፒ የምትይዘው 1.44 ሜጋ ባይት ብቻ ነው። ፍሎፒዋን አስገብቶ፣ ጭኖ፣ አውጥቶ መሳቢያ ውስጥ መክተት ነበር። በቃ! ከዚያ ወዲያ «ሰላም፣ እኔ ፕሪንተርህ ነኝ» እያለ በየጠዋቱ የሚቀሰቅስ ነገር አልነበረም።

አሁን አንድ ሒሳብ አብረን እንሥራ። አንድ ኤፎር ወረቀት በኢንች 300 ነጥብ ሲታተም በወርዱ 2480፣ በቁመቱ 3508 ነጥብ ይይዛል። ሲባዛ ወደ 8.7 ሚሊዮን ነጥብ መሆኑ ነው። እያንዳንዱ ነጥብ «ጥቁር» ወይም «ነጭ» ብቻ ቢሆን ገጹ በሙሉ ምንም ሳይታመቅ ከ1 ሜጋ ባይት ብዙም አያልፍም። ልጁ በስልኩ ዳታ ያወረደው 300 ሜጋ ባይት ስለዚህ ከ270 በላይ ገጽ፣ ነጥብ በነጥብ የተቀመጠ ሥዕል ያህል ቦታ ነው። የልጅቷ ማመልከቻ ስንት ገጽ ነበር? አራት!

ወያላውን ማን ጠራው?

«ታዲያ በቀረው ቦታ ምን ተጭኗል?» ትሉ ይሆናል። ጋሼ አንድ በአንድ እያወጡ ለልጁ አሳይተውታል። ብዙ ጊዜ በ«ሙሉ» ሶፍትዌር ውስጥ የሚገኙት እነዚህ ናቸው፦

ፎቶ ማደራጃና ማስዋቢያ፤ ልጁ ነክቶት አያውቅም። የስካን ፕሮግራም፤ ይህ አንዳንዴ ይጠቅማል። ኢንተርኔት ላይ እየወጣ «አዲስ ነገር አለ ወይ?» እያለ የሚጠይቅ ማሻሻያ ፈላጊ። የቀለም መጠን እየቆጠረ ወደ ሻጩ መደብር የሚመራ አስታዋሽ። ስለ አጠቃቀማችሁ መረጃ እየሰበሰበ ለኩባንያው የሚልክ፣ ስሙ ግን «የምርት ማሻሻያ ጥናት» የሚል ቆንጆ ስም የተሰጠው አጥኚ። አካውንት ክፈቱ፣ በየወሩ እየከፈላችሁ ቀለም ይላክላችሁ የሚል ለማኝ። ከሁሉም ጥግ ላይ ኩርምት ብሎ የተቀመጠ አንድ ትንሽ ነገር ደግሞ አለ። እሱ ነው ድራይቨሩ! እሱ ነው የሚያትመው።

አስተውሉ እንግዲህ። ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ ለእናንተ ይሠራል? ስንቱስ ለሻጩ? ወያላ ክፉ ነው አላልኩም፤ ወያላ ባይኖር ታክሲውን ማን ይሞላዋል? ነገር ግን ለራሴ በገዛሁት መኪና ውስጥ፣ በራሴ ቤንዚን፣ ሳልጠራው ገብቶ እኔኑ «ሒሳብ!» ካለኝ ነገሩ ተበላሽቷል።

ኩባንያዎቹ ለምን እንዲህ ያደርጋሉ? ምክንያቱ ከባድ ምሥጢር አይደለም። ፕሪንተሩ ራሱ በተለይ የቀለሙ ዓይነት በርካሽ ይሸጣል፤ ትርፉ ያለው በቀለሙ ላይ ነው። ፕሪንተሩን አንዴ ነው የምትገዙት፤ ቀለሙን ግን ዕድሜ ልክ። ስለዚህ ሻጩ ፕሪንተሩን ከሸጠላችሁ በኋላም ከቤታችሁ መውጣት አይፈልግም። ኮምፒዩተራችሁ ውስጥ አንድ ሰው ትቶ መሄድ ይፈልጋል። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ይባል የለ? ይህኛው እንግዳ ከነጭራሹ አይሄድም።

ለእውነት እንመስክር ከተባለ ግን ሁሉም ጥፋት የክፋት አይደለም። ዋጋቸው ዝቅ ያሉ ብዙ ፕሪንተሮች የራሳቸው ጠንካራ አእምሮ የላቸውም። ገጹን ወደ ነጥብ የመቀየሩን ድካም ለኮምፒዩተሩ ይጥሉበታል። ስለዚህ የራሳቸው ልዩ ድራይቨር ያስፈልጋቸዋል። ያም ሆኖ ልዩ ሾፌር አስፈለገ ማለት ሰርገኛው ሁሉ ይምጣ ማለት አይደለም።

በፕሪንተር የተናደደው ሰውዬ

በነገራችን ላይ ፕሪንተር ሰውን ሲያናድድ ልጁ የመጀመሪያው አይደለም። በ1980 አካባቢ አሜሪካን አገር በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የሰው ሠራሽ ልህቀት ቤተ ሙከራ ውስጥ ሪቻርድ ስቶልማን የሚባል ወጣት ፕሮግራመር ይሠራ ነበር። ዜሮክስ የተባለው ኩባንያ ለቤተ ሙከራው አንድ የሌዘር ፕሪንተር ሰጠ። ፕሪንተሩ ፈጣን ነው፤ ግን ወረቀት እየነከሰ ይቆማል። ሰዎች ትእዛዝ ልከው፣ በኋላ ሌላ ፎቅ ድረስ ሄደው ሲያዩ ምንም አልታተመም።

ስቶልማን በቀድሞው ፕሪንተር ላይ መፍትሔ አበጅቶ ነበር። ወረቀት ሲነከስ ለሚጠብቁት ሰዎች በሙሉ «ሂዱና አስተካክሉ» የሚል መልእክት በየኮምፒዩተራቸው እንዲደርስ ፕሮግራሙን አሻሻለው። በአዲሱ ላይም ያንኑ ላድርግ ቢል የፕሮግራሙ ምንጭ ጽሑፍ አልተሰጠም። ጽሑፉ ወዳለው አንድ የሌላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ዘንድ ሄዶ ቢጠይቅም «ላልሰጥ ፈርሜያለሁ» ተባለ። ያ ንዴት ከልቡ አልወጣም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1983 ማንም ሰው ሊያየው፣ ሊያሻሽለውና ለሌላ ሊሰጠው የሚችል ሥርዓት እሠራለሁ ብሎ ግኑ የሚባለውን ሥራ አወጀ። ዛሬ ዓለም የሚጠቀምበት የነፃ ሶፍትዌር እንቅስቃሴ አንዱ መነሻ እንግዲህ ወረቀት የነከሰ ፕሪንተር ነው!

የሁለቱ ንዴት ልዩነት ግን ልብ ይባል። የስቶልማን ፕሪንተር ወረቀቱ ሲነከስ ምንም አልናገር አለ። የእኛ ልጅ ፕሪንተር ደግሞ ምንም ሳይነከስ ወሬውን አላቆም አለ። አንዱ መናገር ሲገባው ዝም፤ ሌላው ዝም ማለት ሲገባው ለፈለፈ። ሁለቱም ባለቤታቸውን አልሰሙም።

ስልካችሁ እንዴት ያትማል?

«ያለዚያ ሁሉ ነገር አይሠራም እኮ» የሚላችሁ ሰው ካለ ስልካችሁን አውጡና አሳዩት። አፕል እ.ኤ.አ. በኅዳር 2010 ኤርፕሪንት የሚባለውን ዘዴ አወጣ። አይፎን የያዘ ሰው በአንድ ዋይፋይ ላይ ላለ ፕሪንተር ምንም ድራይቨር ሳይጭን ያትማል። በ2013 ደግሞ ካነን፣ ኤችፒ፣ ሳምሰንግና ዜሮክስ ሞፕሪያ የሚባል ማኅበር አቋቁመው ለአንድሮይድ ስልኮችና ለሌሎችም ተመሳሳይ የጋራ መንገድ አበጁ። የሁለቱም መሠረት አይፒፒ የሚባል የጋራ የማተሚያ ቋንቋ ነው። ፕሪንተሩ «እኔ እንዲህ ያለ ወረቀት አለኝ፣ ባለ ቀለም ነኝ» ብሎ ራሱ ያስተዋውቃል፤ ስልኩም ገጹን ይሰጠዋል። አለቀ።

ማይክሮሶፍትም ይህንኑ ተቀብሏል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ከየፕሪንተር አምራቹ የሚመጡ ድራይቨሮችን በዊንዶውስ ማሻሻያ በኩል ማከፋፈሉን ደረጃ በደረጃ እንደሚያቆምና ዊንዶውስ ራሱ በያዘው የጋራ ድራይቨር ማተም ዋናው መንገድ እንደሚሆን አስታወቀ። ስለዚህ «ያለ ወያላ ታክሲ አይሄድም» ማለት አሁን የሚያስኬድ አይደለም።

አንድ የሚያስፈራ ነገር ደግሞ አለ

የብዛቱ ጣጣ ዳታ መጨረስና ኮምፒዩተር ማንቀርፈፍ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ፕሪንተር የሚያስተናግደው የዊንዶውስ ክፍል በኮምፒዩተሩ ውስጥ ከፍተኛ ሥልጣን ካላቸው አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 በዚሁ ክፍል ውስጥ «ፕሪንትናይትሜር» የተባለ ቀዳዳ ተገኝቶ ዓለም ተሸበረ። ማይክሮሶፍት መደበኛ ቀኑን ሳይጠብቅ በጥድፊያ መድፈኛ ለማውጣት ተገደደ።

በዚያው ወር ሴንቲነልዋን የተባለ የኮምፒዩተር ጥበቃ ኩባንያ ሌላ ነገር ይፋ አደረገ። በኤችፒ፣ በሳምሰንግና በዜሮክስ ስም በወጡ በርካታ ፕሪንተሮች ድራይቨር ውስጥ ከ2005 ጀምሮ፣ ማለትም ለ16 ዓመት፣ ሳይታይ የኖረ ቀዳዳ ነበር። ይህ ድራይቨር አንዴ ከገባ ፕሪንተሩ ባይሰካም እንኳ ኮምፒዩተሩ በተነሣ ቁጥር አብሮ ይነሣ ነበር። መድፈኛው ወጥቷል፤ ነገሩ ግን ትምህርት ነው። ቤታችሁ ውስጥ ያለ በር ሁሉ መቆለፊያ ይፈልጋል። የማትወጡበትን የማትገቡበትን በር ምን ሊያደርግላችሁ ታስከፍታላችሁ?

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ወሬ ብቻ አይበቃም፤ ምክር ይጨመርበት ካላችሁ ጋሼ ለልጁ ያደረጉትንና የመከሩትን እነሆ፦

1. ከመጫናችሁ በፊት ሰክታችሁ ሞክሩ። ዊንዶውስ 10ም ሆነ 11፣ ማክም ሆነ ሊኑክስ፣ ብዙ ፕሪንተሮችን ራሳቸው ያውቋቸዋል። የሙከራ ገጽ ከወጣላችሁ በቃ፤ ሌላ ነገር አታውርዱ። ጠግቦ የበላ ሰው ላይ «ብሉ ብሉ» አይበዛም።

2. አልወጣ ካለ የፕሪንተራችሁን ሙሉ ሞዴል ከነቁጥሩ ጻፉና ወደ አምራቹ ድረ ገጽ ግቡ። «ሙሉ ሶፍትዌር» የሚለው በትልቁ ከላይ ይቀመጣል። ከሥር ወረድ በሉ። «ቤዚክ ድራይቨር»፣ «ድራይቨር ኦንሊ» ወይም «ዩኒቨርሳል ድራይቨር» የሚል ካገኛችሁ የእናንተ እሱ ነው። መጠኑንም አነጻጽሩ፤ ልዩነቱ ራሱ ይነግራችኋል። ጋሼ ለልጁ ያወረዱለት 20 ሜጋ ባይት አይሞላም ነበር።

3. ሙሉውን የግድ መጫን ካለባችሁ ኔክስት፣ ኔክስት አትበሉ። «ከስተም» የሚል ምርጫ ካለ እሱን ንኩ። ከድራይቨሩና ምናልባት ከስካኑ በቀር የሌላውን ሁሉ ምልክት አንሡ። «መረጃ ለመላክ እስማማለሁ» የሚለውንም አንሡ። አንዴ ሁለት ደቂቃ ማንበብ በኋላ ስንት ሰዓት ያተርፋል።

4. «ድራይቨር በነፃ እናድሳለን» ከሚሉ ከማታውቋቸው ገጾች ምንም አታውርዱ። እዚያ ወያላ ሳይሆን ቀማኛ ነው የሚሳፈረው።

5. ስካን ለማድረግ የግድ የአምራቹ ፕሮግራም አያስፈልግም። የዊንዶውስ የራሱ መስካኛ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል።

6. ቀድሞ የተጫነባችሁ ካለ አትደንግጡ። ከኮምፒዩተሩ ጋር አብረው የሚነሡትን ዝርዝር ታስክ ማናጀር ውስጥ «ስታርት አፕ» በሚለው ሥር ታገኟቸዋላችሁ። የማያስፈልገውን አጥፉ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሙሉውን አራግፎ፣ ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ አብርቶ፣ ቤዚኩን ብቻ መልሶ መጫን ነው። ያንን ትንሽ ፋይል ደግሞ በፍላሽ ላይ አስቀምጡት። ኔትወርክ ሲጠፋ ታመሰግኑኛላችሁ።

7. አዲስ ልትገዙ ከሆነ ለሻጩ ሁለት ጥያቄ አቅርቡ። «ያለ ኢንተርኔት ያትማል ወይ? ያለ አካውንትስ?» አንዳንዱ ሞዴል ካልተመዘገባችሁና ከኢንተርኔት ካልተገናኘ በወጉ አይሠራም። ካርቶኑ ላይ የኤርፕሪንት ወይም የሞፕሪያ ምልክት ካለ ጥሩ ምልክት ነው። ሻጩ ጥያቄያችሁ ካልገባው ሱቁ ብዙ ነው፤ ቀጣዩ ጋ ሂዱ።

8. ይህኛው ለእናንተ ለአመልካቾች ነው። ለመጨረሻው ቀን ለመጨረሻው ሰዓት አታስቀምጡት። ጽሑፉን ፒዲኤፍ አድርጉና በሁለት ቦታ ያዙ፤ ከፍላሽ ሌላ ስልካችሁም ላይ ይኑር። ፒዲኤፍ ሌላ ቤት ሲከፈት መልኩን አይቀይርም።

9. ይህኛው ደግሞ ለባለ ሱቆቹ ነው። ማሽኑ እንቢ ሲል «አሁን ይወጣል» አትበሉ። «እህቴ፣ ችግር አለብኝ፤ ከእኔ ቀጥሎ ያለው ቤት ሂጂ» በሉ። አንድ ደንበኛ ታጣላችሁ። ሰው ግን አታጡም።

በሦስተኛው ሳምንት

ጋሼ ጨርሰው ሲነሡ ልጁ ሰዓቱን ያዘ። ኮምፒዩተሩ ድሮ ለመነሣት ይወስድበት ከነበረው በግማሹ ተነሣ። ፕሪንት ሲል መስኮት የለ፣ ማስታወቂያ የለ፣ «እባክዎ» የለ። ገጹ ወጣ። «ይኸው ነው?» አለ። «ይኸው ነው» አሉት ጋሼ። «የጽሕፈት መኪና ስንጠግን እኮ ቁልፉን ስትመታው ፊደሉ ወረቀቱ ላይ ያርፋል። መሣሪያ ማለት እሱ ነበር። ያዘዝከውን ሠርቶ ዝም የሚል።» የድካማቸውን አምጣ አላሉትም፤ ሻይ ብቻ ጠጥተው ሄዱ።

በሦስተኛው ሳምንት አካባቢ ያቺ ልጅ ተመልሳ መጣች። ልጁ ሲያያት ክው አለ። በሰፈሩ ሌላ ቤት ሞልቷል፤ ለምን እሱ ጋ እንደመጣች እስከ ዛሬ አያውቅም። ፍላሿን ባንኮው ላይ አስቀመጠችና ፕሪንተሩን በዓይኗ ገርመም አደረገችው።

«ይሠራል?»

«ይሠራል።»

ሌላ መሥሪያ ቤት፣ ሌላ ማመልከቻ፣ ያው አራት ገጽ። መዝጊያው ገና አምስት ቀን አለው። አራቱም ገጽ ከደቂቃ በታች ወጡ። ልጁ ወረቀቶቹን አስተካክሎ፣ በፖስታ ከትቶ «ሒሳብ የለም» አላት። እሷ ብሩን ቆጥራ ባንኮው ላይ አስቀመጠች። «አሁን እኮ ሠራህ፤ ውሰድ» አለችው። ያን ሐሙስ አላነሣችበትም፤ እሱም አላነሣ። ፖስታውን በብብቷ ይዛ ወጣች።

ይቅር ብላው ይሆን? ልጁ ይህን ጠይቆኝ መልስ አልሰጠሁትም። እናንተስ ምን ትላላችሁ? እኔ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ያን ዕለት ሥራዋን ያሳጣት የተበላሸ ዕቃ አልነበረም። ሁሉም ነገር ይሠራ ነበር፤ ለእሷ ግን አልሠራም። የተጫነው ለሻጩ ነበርና። ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ነገ «ኔክስት» የምትለዋን ቁልፍ ከመንካታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ጣታችሁን ያዝ አድርጉና ጠይቁ፦ ይህ የሚሳፈረው ማነው? ሾፌሩ ከሆነ ይግባ። ሌላውን ግን «ታክሲው ሞልቷል» በሉት።

እስከ ሳምንት ቸር እንሰንብት።